ሁለት ስም

የመጀመሪያ ኮሌክሽኔን ቦሌ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ያቀረብኩት በተመረቅኩ በስድስተኛው ወር ነው። ስምንቱም ልብስ የእጅ ሽመና ነበር።

ገርጂ በምትገኘው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ፣ ክፍል እንደተማርነው ፓተርኑን ጨርቁ ላይ ዘርግቼ መቀስ አነሳሁ። ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው። የሸማ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ነው፤ ሲቆረጥ ይተረተራል። ጥለቱ ለሁለት ተከፈለብኝ፤ ሁለት ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ ከንቱ ቀረ።

ሽሮ ሜዳ ወደ ሸማኔው ተመልሼ ሄጄ አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ስሸምን የዋልኩትን ለምን ትቆርጪዋለሽ? መጀመሪያ ልኩን ብትነግሪኝ ኖሮ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የእጅጌውን ርዝመትና ጥለቱ የሚያርፍበትን ቦታ እየለካሁ ወሰድኩላቸው። ገና ድሩ ሲደራ ቀሚሱ ታሰበ ማለት ነው። መቀሴ ብዙም ሥራ አልነበረው።

ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም»ን ያቋቋመችው ሸማኔዎቻችን ገበያ ማጣታቸውን አይታ ነው። ይህን ስሰማ እርዳታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሸማኔው ከእኛ በፊት ዲዛይን ያደርጋል!

የዝግጅቱ ዕለት ሸማኔው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። መድረክ መሪው የጠራው የእኔን ስም ብቻ ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። አጎንብሼ ጭብጨባውን ስቀበል ቀና ብዬ ወደ ኋላ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን ያጨበጭቡ ነበር።

በሚቀጥለው ፎርም ላይ ሁለት ስም እሞላለሁ።