ጎናችን የቆመውን ሳንጠይቅ



እኛ የአንድ ዶርም ልጆች ነን፤ ሦስታችንም ምህንድስና ነው የምንማረው። ባለፈው ሴሚስተር ላብራቶሪ ውስጥ የብየዳ ፍተሻ ተማርን። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል። ውስጡ ስንጥቅ ካለ ድምፁ ነክቶት ይመለሳል፤ ለመመለስ ከፈጀው ጊዜ ተነስተን ስንጥቁ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ እናሰላለን። ሪፖርቱን ጽፈን አስረከብን፤ ከዚያ ረሳነው።

ያስታወሰን ሐዘን ነው። በክረምቱ ዕረፍት የአንዳችን ታላቅ እህት በስምንተኛ ወሯ ደም ፈሰሳት። እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ሸፍኖት ነበር። ይህ ቀድሞ በአልትራሳውንድ ቢታይ ኖሮ ሆስፒታል አጠገብ ሆና ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ክትትል የምታደርግበት ጤና ጣቢያ መሣሪያው ነበረው፤ ግን ሆድ ላይ የሚንሸራተተው ፕሮብ ገመዱ ተበላሽቶ ለወራት ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እሷ አልሐምዱሊላህ ተርፋለች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። የአላህን ውሳኔ ተቀብለናል። የገመዱ ነገር ግን ከልባችን አልወጣም።

ስለ መሣሪያው አመጣጥ ማንበብ የጀመርነው ያኔ ነው። መነሻው ያው የብየዳ ፍተሻችን ሆኖ አገኘነው።

ኢያን ዶናልድ በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ፅንስ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ሲያገለግሉ ከራዳር ጋር ተዋውቀዋል። በዘመኑ ሐኪም ሆድ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው በእጁ ዳስሶ ወይም በራጅ ነበር፤ ራጅ ደግሞ ለፅንስ ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ፕሮፌሰሩ ከሕሙማን የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭነው ቦይለር ወደሚሠራ ፋብሪካ ሄዱ። በዚያው በብየዳ መፈተሻው ሞከሯቸው፤ ውሃ የቋጠረውና ድፍኑ ዕጢ የሚመልሱት ማሚቶ የተለያየ ሆነ።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ቀጥሎ የመጣው ሰው ነው። ቶም ብራውን የኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር፤ ዕድሜው ገና 23 ገደማ፣ እኩያችን። አንድ ፕሮፌሰር የብረት መፈተሻ በሰው ላይ እየሞከሩ ነው ሲባል ሰማና ስልካቸውን ፈልጎ ደወለላቸው። ሄዶ ሲያይ መሣሪያቸው ለሥራው የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ በሆድ ላይ እየተንቀሳቀሰ ማሚቶውን ወደ ምስል የሚቀይር አዲስ መሣሪያ ሠራ። ድምፁ በአየር እንዳይታገድ ቆዳውን የወይራ ዘይት ይቀቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ከዶክተር ጆን ማክቪካር ጋር ሆነው ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ከታካሚዎቹ አንዷ በማይድን የሆድ ካንሰር ትሞታለች የተባለች ሴት ነበረች። መሣሪያው ግን ውሃ የቋጠረ ዕጢ አሳየ፤ በቀዶ ሕክምና ወጣላትና ዳነች። ከዚያም የፅንሱን ጭንቅላት ለክቶ ዕድገቱን መከታተል ተቻለ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል።

ሐኪሙ ብቻውን መሣሪያውን አይሠራውም ነበር። መሐንዲሱም የሚጠቅመውን ሰው ብቻውን አያገኘውም ነበር።

እኛ በልጅነታችን መድረሳ ኑጥፋ፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ እያልን ፅንስ በእናቱ ሆድ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ቀርተናል። ቀን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ድምፅ ሞገድ ተምረናል። ሁለቱ እንደሚገናኙ አስበን አናውቅም። ከሕክምና ተማሪዎች ጋርም እንዲሁ ነን፤ በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን፣ ጫማችን አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አሰላምተን እንለያያለን።

ባለፈው ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ የሆነ ወንድማችንን የተቸገራችሁበት መሣሪያ አለ ወይ ብለን ጠየቅነው። መጀመሪያ ሳቀ። "አራት ዓመት አብረን ሰግደን ገና ዛሬ ጠየቃችሁኝ?" አለን። ከዚያ ቁጭ ብሎ ዘረዘረው፦ ፕሮቡ ወድቆ የተሰነጠቀ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለ፣ ባትሪው የሞተ። መግሪብ እስኪደርስ ጻፍን። ከጻፍነው ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ በኛ እጅ የሚሞከሩ ናቸው።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሐሙስም ከዐስር በኋላ እዚያው ጫማ መደርደሪያው አጠገብ እንቀመጣለን። የሕክምና፣ የነርሲንግና የአዋላጅነት ተማሪ እህትና ወንድሞቻችን፣ የተበላሸባችሁን ይዛችሁ ኑ። ሁሉንም እንጠግናለን አንልም። ሳንጠይቃችሁ ግን አንመረቅም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።