የሠርጉ ዲስክ አልታይ ያለ እንደ ሆነ

አንባቢዬ ሆይ! በቤትዎ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ከልብስ ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የሠርግ ዲስክ ሳይኖር አይቀርም። የእርስዎ ባይሆን የእኅትዎ፥ የእኅትዎም ባይሆን የአጎትዎ ልጅ ይሆናል። ለመሆኑ ያን ዲስክ ከዴክ ከትተው ካዩት ስንት ጊዜ ሆነዎ? ይህን የምጠይቅዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ዲስኩ በሣጥን ውስጥ እስካለ ድረስ ትዝታው በእጁ ያለ ይመስለዋል፤ ሣጥኑን ከፍቶ ዲስኩን ወደ ዴክ ባስገባ ጊዜ ግን «ዲስክ የለም» የሚል መልስ ያገኛል።

እኔ የምኖረው በሉማሜ ነው። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የቀኑ ሥራዬ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ማታ ማታና በበዓል ቀን ግን የጎረቤቶቼን የሠርግና የክርስትና ፊልም በኮምፒዩተር አስተካክላለሁ። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ዳሱ ሁሉ ስለሚጣል፥ በእነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ አላገኝም። ከዚህ ሥራ የተማርሁትን ጥቂት ነገር ለተማሪዎችና እንደ እኔ በየቢሮው ላሉ ወንድሞችና እኅቶች ማካፈል ይገባኛል ብዬ አስባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ትንሽ እንናገር። ቪሲዲ የተባለው ዲስክ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ነው። የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ነበረ አንድ ሠርግ ሁለትና ሦስት ዲስክ ይፈጅ ነበር። የዲቪዲ ማጫወቻ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በጃፓን አገር ለገበያ ቀረበ። ተራው የዲቪዲ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በቤት የምንቀርጽበት ዲስክ ውስጡ የቀለም ሽፋን አለው፤ ጨረሩ ያን ቀለም እየለወጠ ይጽፍበታል። ቀለም ደግሞ በፀሐይና በሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ዲስኩ ዘላለማዊ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ፥ ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናት፥ በነጠላ የተጠቀለለ ዲስክ ይዘው መጡ። «ልጄ፥ የሟቹ ድምፅ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ሴት ልጃችንን ሲመርቋት ነው» አሉኝ። ዲስኩ በሦስት ጎረቤት ዴክ ተሞክሮ አልታይ ብሏል። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይም «ይህ ሞቷል፤ ይጣል» ብሏቸው ኖሯል።

አንባቢዬ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ማንኛውም ዕቃ አልሠራ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ላድነው?» ሳይሆን «ሕመሙ የት ላይ ነው?» የሚል ነው። አንድ ዴክ ዲስክ ሁሉ አልቀበል ካለ ጥፋቱ የዴኩ ነው፤ ምናልባትም የዓይኑ መስተዋት አቧራ ይዞታል። አንድ ዲስክ በዴክ ሁሉ ላይ እንቢ ካለ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። አንድ ዲስክ በአንዱ ዴክ ታይቶ በሌላው እንቢ ካለ ደግሞ ሁለቱ አልተስማሙም ማለት ነው። ይህን ሳይለዩ ሁሉን በአንድ ጊዜ መነካካት ግን በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

የእኒያ እናት ዲስክ በሦስቱም ዴክ እንቢ ስላለ ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑ ታወቀ። በመብራት ፊት አዘንብዬ ባየሁት ጊዜ ጭረቱ ጥቂት ነበር፤ የተጻፈበትም ክፍል ካልተጻፈበት ትንሽ ጠቆር ብሎ ይታያል። እንግዲያው ጽሑፉ አልጠፋም! በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ዳር ቀጥ አድርጌ ጠረግሁት። እያዞሩ መጥረግ አይገባም፤ ጽሑፉ የተጻፈው በዙሪያው ስለ ሆነ፥ የዞረ ጭረት ከተሻገረ ጭረት ይልቅ ብዙ ያበላሻል። ከዚያም በኮምፒዩተር ባስገባሁት ጊዜ ዲስኩ «ያልተዘጋ» መሆኑን አየሁ። ዲስክ ተጽፎ ሲያልቅ መጨረሻው መዘጋት አለበት፤ ከመዘጋቱ በፊት መብራት ከጠፋ ዴክ አያነበውም። አንዳንድ የኮምፒዩተር ማንበቢያ ግን ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ በዲስኩ ላይ አንዳች ሳልጨምር፥ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው እየዘለለ በሚገለብጥ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጥሁት።

በማግሥቱ እናቲቱ መጥተው ከፊቱ ተቀመጡ። ከምስሉ መካከል ጥቂት ቦታ ተቈራርጧል፤ ምርቃቱ ግን ሙሉ ነበር። የሟቹን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ምንም አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሲጨርስ «አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት መጠንቀቅ ይሻላል፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። ዲስክ በርን የሚያደርግ ሁሉ የሚከተለውን ቢያስብ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አንደኛው የመጠን ነገር ነው። 4.7 ጊጋባይት ማለት 37,600 ሜጋቢት ነው። ይህን በፊልሙ ሰከንድ ብዛት ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚደርሰውን ያገኛሉ። የሁለት ሰዓት ፊልም 7,200 ሰከንድ ስለ ሆነ 5.2 ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ ጥሩ ነው። የአራት ሰዓት ሠርግ በአንድ ዲስክ ላይ ይሁን ቢሉ ግን 2.6 ብቻ ይደርሰዋል፤ የሙሽራዋም ፊት እንደ ጡብ ተከፋፍሎ ይታያል። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ የሂሳቡ ነው። ኮምፒዩተሩ ባዶውን ዲስክ 4.38 ብሎ ቢያሳይዎም አይደንግጡ፤ አቆጣጠሩ በ1,024 ስለ ሆነ ነው እንጂ ነጋዴው አላታለለዎትም።

ሁለተኛው የድምፅ ነገር ነው። አፍ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ወደ ኋላ ቀርቶ የሚሰማበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው ይመልከቱ፤ መጨረሻም ላይ እንዲሁ። ልዩነቱ በሁለቱም እኩል ከሆነ ድምፁን ጥቂት መግፋት ይበቃል። እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ችግሩ የፍጥነት ነው። በስልክ የተቀረጸ ፊልም በሰከንድ የሚያነሣው የምስል ቍጥር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከመቍረጥ በፊት ሁሉን በሰከንድ 25 ወደ ሆነ ቋሚ ቍጥር መለወጥ ያስፈልጋል። የዲቪዲ ድምፅ ደግሞ 48 ኪሎኸርዝ እንጂ እንደ ሙዚቃ ሲዲ 44.1 አይደለም።

ሦስተኛው የእስክስታ ነገር ነው። በካሴት ካሜራ የተቀረጸ ምስል እያንዳንዱ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ፥ መስመር እየዘለለ ይቀረጻል። የሁለቱ ግማሾች ተራ ከተዛባ የጨፋሪው ትከሻ ወደ ፊት ሄዶ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ተመልካቹ ግን «ይህ እንዴት ያለ እስክስታ ነው!» እያለ ያደንቃል። እርስዎ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ የግማሾቹን ተራ ይለውጡ።

አራተኛው የፊደላችን ነገር ነው። ርእሱ በአንዱ ኮምፒዩተር «እንኳን ደስ አላችሁ» ተብሎ ተጽፎ፥ በሌላው ላይ የማይነበብ ምልክት ብቻ ሲሆን አይተው ይሆናል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የፊደል ዓይነቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። እንግዲህ የዩኒኮድ ፊደል ይጠቀሙ። የፋይሉን ስም ግን በላቲን ፊደልና በቍጥር ያድርጉት፤ አንዳንድ የቈየ የበርን ማድረጊያ ፕሮግራም በእኛ ፊደል የተሰየመውን አይቀበልም።

አምስተኛው የመብራትና የችኰላ ነገር ነው። ፊልሙን ከኮምፒዩተሩ ቀጥታ ወደ ዲስክ አይስደዱት። መጀመሪያ ሙሉውን በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ አንድ የዲስክ ቅጂ ያዘጋጁት፥ ይመልከቱት፥ ከዚያ በርን ያድርጉት። ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይበላሽም። ፍጥነቱንም ዝቅ ያድርጉት፤ በአራት እጥፍ ፍጥነት አንድ ሙሉ ዲስክ የሚፈጀው 15 ደቂቃ ያህል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ አሥር ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ ዲስክ መጣል ትርፍ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ከሚሸጡት አዳዲስ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም፤ ዴክም ከየቤቱ እየወጣ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ደኅና ሳለ፥ ማንበቢያውም ሳይጠፋ፥ ገልብጦ ማስቀመጥ የዛሬ ሥራ ነው። ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ «አይበቃም» ቢልዎ፥ ፍላሹ በፋት 32 ሥርዓት የተዘጋጀ ስለ ሆነ ነው፤ ያ ሥርዓት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በላዩ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጠው በኤክስፋት ያዘጋጁት። አንዱን ቅጂ እቤትዎ፥ ሁለተኛውን በሌላ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ያኑሩ።

የደመወዛችን ልክ ይታወቃል፤ ለወላጆቻችን ትልቅ ስጦታ መግዛት ለሁላችን አይቻል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ሰጥቶ፥ የአባትን ድምፅና የአያትን ምርቃት ከጥፋት ማዳን ለሁላችን ይቻላል። አንባቢዬ ሆይ፥ ሣጥኑን የሚከፍቱት መቼ ነው?