ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፤ ስለ እንግዳ ዛፎችና ስለ አፈር ሠራተኞች

ዛሬ አዊ ዞን በሚባለው በአገው ምድር ሁለት ባላገሮች ስለ ወሰን ተካሰው ነበርና፥ ዳኛው ቦታውን ለማየት በሄዱ ጊዜ እኔም ቃል ጻፊ ሆኜ ተከተልሁ። አንደኛው ባላገር በወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ቢተክል፥ የጎረቤቱ ጤፍ ከወሰኑ ወዲህ እስከ ብዙ ክንድ ድረስ ቀጭጮ ቀረ። ከሳሹም «ዛፉ በርሱ መሬት ቆሞ የኔን እህል ይበላል» አለ። እኔም ቃሉን እንደ ሰማሁት ጻፍሁ፤ ነገር ግን ዛፍ እንዴት አድርጎ የጎረቤት እህል እንደሚበላ መዝገቡ አያስረዳምና፥ ነገሩን በልቤ ይዤ መንገድ ጀመርሁ።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደገኛ ከተማ ናት። ሁለተኛ ስምዋ ኮሶበር ስለ ሆነ፥ መንገደኛ ስሙን ሰምቶ የኮሶ ዛፍ ይፈልጋል። ዓይኑን ቢያነሣ ግን ከአዲስ ቅዳም ወዲህና ወዲያ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖ የሚያየው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ነው። ወደ ዳንግላ ቁልቁል ሲወርድም በየቤቱ ጓሮ ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ይቀበለዋል። ሁለቱም ከአውስትራሊያ የመጡ እንግዶች ናቸው።

እንግዳን ያለ ምክንያት መንቀፍ አይገባም። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓመተ ምሕረት ገደማ በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን ገብቶ፥ እንጨት አልቆባት ልትለቀቅ የታሰበችውን አዲስ አበባን አጽንቷታል። ዲከረንስም ለአገው ምድር ገበሬ ባለውለታው ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ከዚያ በኋላ ከዛፉ ሥር የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቈርጦ ከሰል ያከስልና መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። የዛፉ ሥር ከረቂቃን ሕዋሳት ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚስብ፥ ታርሶ ታርሶ የደከመው አሲዳማ መሬት በመጠኑ ይጠገናል።

በመንገዳችን ላይ ካለ አንድ ደብር ባደርን ጊዜ ግን የነገሩን ሌላ ወገን አየሁ። የደብሩ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ስላፈሰሰ፥ በደኑ ውስጥ ባሉት ገላጣ ስፍራዎች ባሕር ዛፍ ተክሎ፥ ሲደርስ ሸጦ ጣራውን ለማደስ ይመክር ነበር። አንድ አረጋዊ መሪጌታ ብቻ አልወደዱም። እኔንም «ልጄ፥ ና ተከተለኝ» ብለው፥ ዶማ አስይዘው ሦስት ጉድጓድ አስቆፈሩኝ።

የመጀመሪያውን በደኑ ውስጥ፥ በብሳናና በዋንዛ ጥላ ሥር ቆፈርሁ። አፈሩ ጥቁርና ልል ሆኖ፥ የምድር ትል፥ ጥንዚዛ፥ ሸረሪትና ጕንዳን ይርመሰመስበታል፤ ውሃ ባፈስስበት ወዲያው ጠጣው። ሁለተኛውን ከውጭ በዲከረንስ ሥር ቆፈርሁ። ከአጠገቡ ካለው እርሻ የለሰለሰ ነው፤ ነገር ግን ፍጥረቱ በዓይነትም በቍጥርም ከደኑ ያነሰ ነበር። ሦስተኛው በባሕር ዛፍ ሥር ነበር። የደረቀው ቅጠል ሳይበሰብስ ተነባብሮ፥ ከጥቂት ጕንዳን በቀር የሚንቀሳቀስ አላገኘሁም፤ ያፈሰስሁትም ውሃ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ወረደ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የብሳናና የዋንዛ ቅጠል ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ የምድር ትሎችም በልተው ወደ አፈር ይመልሱታል፤ በሚቦረቡሩትም መንገድ ውሃና አየር ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይትና መራራ ነገር ስላለበት በመበስበስ ይዘገያል፤ ሥሩም ውሃውን አጥብቆ ይስባል። ሠራተኞቹ ምግብና እርጥበት ሲያጡ ይጠፋሉ፤ ሠራተኛ ያጣ አፈርም ይጠነክራል። የከሳሹ ባላገር ቃል በዚህ ተፈታልኝ። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከገብረ ጕንዳን እንዲማር መምከሩን በልጅነታችን ተምረናል፤ ገብረ ጕንዳን ከአገር ቢሰደድ ግን ከማን እንማራለን?

መሪጌታም ጉድጓዶቹን ለጉባኤው አሳይተው «ጣራው በገንዘብ ይታደሳል፤ ይህ አፈር ግን በምን ይታደሳል?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስ አልተገኘም። ችግኙም ከቅጥሩ ውጭ በተራቆተው ጥግ እንዲተከል፥ በደኑ ገላጣ ስፍራም ኮሶና ዋንዛ እንዲገባበት ተስማሙ። የጣራው ነገር ግን ለሌላ ጊዜ ስለ ቀረ፥ ዝናቡን ለጊዜው በገበታ እየተቀበሉ ይቀድሳሉ።

ይህ የአንድ ደብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት ቈጥረዋል። በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ እርሻና ግጦሽ ስለ ሆነ፥ ከነዚህ ደኖች ሌላ ለብዙው ዛፍና በሥሩ ለሚኖረው ፍጥረት መጠጊያ የለውም። በአንድ እንግዳ ዛፍ ላይ ብቻ መታመንም አደጋ አለበት። በደቡብ አፍሪካ ዲከረንስ ከተተከለበት አምልጦ ከወራሪ ዕፅዋት ተቈጥሯል፤ በአገው ምድር ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዋግ በሽታ ወርዶበት የብዙ ገበሬ ተስፋ በቁሙ ደርቋል።

የባላገሮቹም ክርክር በሽማግሌ ታረቀ፤ በወሰኑ ላይ ያለው ረድፍ እንዲነሣ ተወሰነ። ባሕር ዛፍ ተቈርጦም ከጉቶው ስለሚያቈጠቍጥ፥ ከነሥሩ እንዲነቀል በውሉ ላይ ጻፍሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እንግዳውን ዛፍ በተራቆተው መሬት ተክለን እንጠቀምበት፤ ወደ አባቶቻችን ደን ግን አናስገባው። ርስትም ለልጅ በሚናዘዙበት ጊዜ ልጁን ይዞ ወጥቶ አንድ ጉድጓድ መቆፈር መልካም ነው፤ የሚወርሰው መሬት ሕያው መሆኑን ወይም መሞቱን በዚያ ያያልና።