ላቦራቶሪውን የምታጸዳውስ?

በዓለም ላይ በፈንጣጣ የሞተችው የመጨረሻዋ ሰው ጃኔት ፓርከር ትባላለች። ሐኪምም ተመራማሪም አልነበረችም። እንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። የምትሠራበት ክፍል የፈንጣጣ ቫይረስ ከሚጠናበት ላቦራቶሪ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነበር። ኦገስት 1978 ታመመች፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን አረፈች። ቫይረሱ በየት በኩል እንደደረሰባት እስከ ዛሬ ያከራክራል። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ በሕንፃው ውስጥ በሚያልፈው ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ ሊሆን ይችላል አለ። ፍርድ ቤት ግን አልተረጋገጠም ብሎ ዩኒቨርሲቲውን በነጻ አሰናበተው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ሄንሪ ቤድሰን ጉዳዩ እልባት ሳያገኝ የራሱን ሕይወት አጠፋ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ክብደት አለው። ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት ከተደረገው ዘመቻ እጅግ ከባድ ከሆኑት ትግሎች አንዱ የተካሄደው በእኛ ተራሮችና በኦጋዴን በረሃ ነው። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተመዘገበው ኦገስት 1976 ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው አሊ ማው ማሊን የፈንጣጣ ሕመምተኞችን ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ለጥቂት ደቂቃ አብሯቸው ተቀመጠና በሽታው ያዘው፤ እግዜር ይመስገን ዳነ። ከማኅበረሰቡ ውስጥ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ከዚያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ከበረሃና ከተራራ ተባርሮ ያለቀው በሽታ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰው ገደለ። የሞተችውም ቫይረሱን በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እዚሁ ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ውስጥ ከአንዲት እህታችን ጋር የተጨዋወትነው ነገር ነው። በጽዳት ኩባንያ ተቀጥራ የትምህርት ተቋም ላቦራቶሪ ታጸዳለች። እኔ ባዮሎጂ መማሬን ስለምታውቅ፣ "ያ ቢጫው ከረጢት ውስጡ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት እንደምትይዘው መልሼ ጠየቅኋት። "ሲሞላብኝ በእጄ ጠቅጠቅ አድርጌ ነው የማስረው" አለች። ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ የተበከለ ቆሻሻ የሚጣልበት ከረጢት ነው። ያገለገለ መርፌና ስለት የራሱ ጠንካራ ሳጥን አለው፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ግን አንድ የቸኮለ ተማሪ መርፌውን ከረጢቱ ውስጥ ቢጥለው፣ የሚወጋው የእሷ መዳፍ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። የተሰጣት ሥልጠና "ጠረጴዛ ላይ ያለውን እንዳትነኪ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ተማሪዎቹ ግን በመጀመሪያው ቀን ይሰለጥናሉ፣ ፈርመውም ይገባሉ። ዓይን መታጠቢያው የት እንዳለ፣ ኬሚካል ዓይን ውስጥ ቢገባ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ መታጠብ እንደሚገባ፣ ጋወን ለብሶ ካፌ መግባት ክልክል እንደሆነ ይነገራቸዋል። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን አደጋው የፈረመውን ካልፈረመው አይለይም። ሮበርት ፓይክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1976 ባሳተመው ጥናት 3,921 ከላቦራቶሪ የተያዙ ሕመሞችን ሰብስቦ ነበር። መነሻው የታወቀ አደጋ፣ ማለትም መርፌ መውጋት ወይም ብልቃጥ መሰበር ሆኖ የተገኘው ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። የቀሩት መቼና እንዴት እንደተያዙ በውል አልታወቀም፤ ብዙዎቹ በዓይን የማይታይ ብናኝ ጠብታ በትንፋሽ ስበው እንደሆነ ይገመታል። ፒፔት ተጭኖ የመጨረሻዋን ጠብታ ማስወጣት ወይም ናሙና የሚያሽከረክረው መሣሪያ (ሴንትሪፊውጅ) ቆሞ ሳይረጋ ክዳኑን መክፈት እንዲህ ያለውን ብናኝ ይረጫል።

ሪያድ ውስጥ ደግሞ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ሕመም አለ። እዚህ ሰዎች "ሑማ ማልቲያ" የሚሉት፣ ካልፈላ የግመል ወተት የሚመጣው ትኩሳት ነው። በላቦራቶሪ ሠራተኞች ላይ ከሚደርሱ የባክቴሪያ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው፤ በጣም ጥቂት ተህዋስያን በትንፋሽ ቢገቡ ይበቁታል። የሪያድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኞች በብሩሴላ መያዛቸው በ2001 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ባክቴሪያ ያደገበትን ሳህን ከፍቶ ማሽተት የሚባል የድሮ ልማድ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ተዉት።

ለዚያች እህቴ ያሳየኋት መጀመሪያ ጓንት አወላለቅ ነው። ብዙ የተማረ ሰው ይሳሳተዋል። የአንዱን እጅ ጓንት አንጓው አካባቢ በውጭ በኩል ቆንጥጠሽ፣ ወደ ውጭ እየገለበጥሽ አውልቂው። የወለቀውን ገና ጓንት ባለው እጅሽ ጨብጪው። ከዚያ የባዶ እጅሽን ጣት በሁለተኛው ጓንት ውስጥ፣ በቆዳሽ በኩል አስገቢና እሱንም ገልብጪው፤ የመጀመሪያው በውስጡ ተጠቅልሎ ይቀራል። የቆሸሸው ገጽ ቆዳሽን ሳይነካ አለቀ። በመጨረሻ በሳሙና ታጠቢ። ጓንት እንዳደረግሽ የበር እጀታ፣ ስልክ፣ ሻርፕ አትንኪ።

ሌላው በረኪና ነው፤ እዚህ ሁላችንም ክሎሮክስ የምንለው። ከፍላሽ ወይም ከማንኛውም አሲድነት ካለው ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ላቦራቶሪም ሆነ የማዳም መታጠቢያ ቤት ለውጥ የለውም። ይህን ለሰው ቤት ሠራተኛ እህቶቻችሁ ሁሉ ንገሩልኝ።

እዚህም ሆነ አገር ቤት፣ በአራት ኪሎም በጎንደርም በባሕር ዳርም ላቦራቶሪ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ በሥልጠናው ቀን የጽዳት ሠራተኞቹንም ጥሩ። በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። ቆሻሻው ወደ እነሱ እጅ ከመድረሱ በፊት በ121 ዲግሪ በእንፋሎት መቀቀሉንም ራሳችሁ አረጋግጡ። አማርኛ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ በነጻ እተረጉማለሁ።

እናንተ የምታጸዱት ደግሞ፣ መርፌ ከወጋችሁ "ሥራዬን አጣለሁ" ብላችሁ አትደብቁ። ቦታውን ወዲያው በውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።