ተንሳፋፊዋ ጎጆ

በአገራችን ሰው ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ የማይነገር ትእዛዝ አለበት፤ ይኸውም ጎጆ የወጣ ሰው ከእንግዲህ ይቀመጣል፣ ይልቁንም ሴቲቱ ከደጃፏ አትርቅም የሚል ነው። እጮኛዬ የሥነ ምድር ተማሪ ናት። ስትመረቅ መዶሻዋን ይዛ ወደ አፋር ቆላ ለመውረድ ቆርጣለች። ጓደኞቼም «ግድ የለህም፤ ካገባሃት በኋላ ትረጋለች» እያሉ ያጽናኑኛል። ማጽናኛው ለምን እንዳላጽናናኝ ያስረዳኝ፣ ደጋ ተወልጄ ዐይቼው ስለማላውቀው ስለ ባሕር የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ማይልስ ስሚተን የጻፉት ሲሆን ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንድ ጊዜ ይበቃል» ማለት ነው፤ የታተመው በ1959 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የማነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ማይልስ በጦር ሠራዊት እስከ ብርጋዴርነት የደረሱ እንግሊዛዊ ነበሩ። ባለቤታቸው ቤሪልም ገና ከእሳቸው ጋር ሳይጋቡ ብዙ አገር ብቻቸውን የዞሩ፣ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ግርጌ በፈረስ የተጓዙ ሴት ነበሩ። በኋላ ሁለቱ ትዙ ሃንግ የምትባል ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ ጀልባ ገዙ። ርዝመቷ 14 ሜትር ያህል ነው። የመርከብ ሙያቸው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ከእንግሊዝ ተነሥተው ርሻቸው ወዳለበት ወደ ካናዳ ሲሻገሩ ሙያውን የተማሩት በመንገድ ላይ ነው። በኋላም ርሻውን ሸጠው ባሕሩን ቤታቸው አደረጉ።

በታኅሣሥ 1956 ጆን ገዝዌል ከሚባል አናጢነት ከሚያውቅ ወጣትና ከአንዲት ድመት ጋር ከሜልበርን ተነሡ። ዐሳባቸው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ሆርን ዞረው እንግሊዝ ለመግባት ነበር። በዚያ ሰፊ ደቡባዊ ውቅያኖስ ነፋሱን የሚገታ የብስ ስለሌለ ማዕበሉ እንደ ተራራ ይከመራል።

የካቲት 14 ቀን 1957 መሪውን ይዘው የነበሩት ቤሪል ናቸው። ባላቸው ከታች በመኝታቸው ላይ ነበሩ። ከኋላ የመጣው ማዕበል ጀልባዋን አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍቶ ገለበጣት። ምሰሶዎቹ ተሰበሩ፤ የመርከቢቱ ጣራ ተገንጥሎ ትልቅ ቀዳዳ ቀረ። የቤሪል መታሰሪያ ገመድ ተበጥሶ ወደ ባሕር ተወረወሩ፤ ነገር ግን ቆስለው ሳለ ዋኝተው ተመለሱ፤ ወዲያውም ባልዲ ይዘው ውሃ ይቀዱ ጀመር። ገዝዌል ቀዳዳውን ደፈነ፤ ካገኙት እንጨት ምሰሶ አበጁ። ከአንድ ወር በላይ ተጉዘው ቺሌ ደረሱ።

ጀልባዋን ካሳደሱ በኋላ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሁለቱ ብቻቸውን እንደገና ወጡ። ማዕበል ዳግመኛ ገለበጣቸው፤ ምሰሶዎቹ ዳግመኛ ተሰበሩ፤ ዳግመኛም ራሳቸውን አድነው ቺሌ ገቡ። እንግዲህ «አንድ ጊዜ ይበቃል» የተባለው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ የተገለበጡ ሰዎች መጽሐፍ ነው። ኬፕ ሆርንን በመጨረሻ የዞሩት በ1968 ነው።

«ይህ ሁሉ የሚሸጥ ርሻ ላለው ሰው የተፈቀደ ጨዋታ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነት አለው። «ልጅ ያላቸው ሰዎች እንዲህ በነፍሳቸው ይወራረዱ ዘንድ ይገባልን?» የሚልም ይኖራል፤ ለዚህ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ድፍረታቸውን እንድንቀዳ አልሰብክም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ባል ከታች ተኝቶ ሚስት መሪውን ትይዛለች። በዚያ ባሕር ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው፣ ላይ ያለውን ሰው ፈጽሞ የሚያምን ብቻ ነው። አደጋው በቤሪል ተራ ደረሰ፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በአንዲት ጀልባ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ሲወጡ መሪውን አሁንም በየተራ ያዙት። እኛ ብንሆን ኖሮ «ከእንግዲህስ አንቺ ከታች ሁኚ» የምንል ስንቶቻችን ነን? ማይልስም ብዕሩን ሲይዙ ሚስታቸውን እንደ ሻንጣ የተጫነች ተሳፋሪ አላደረጓቸውም። ከባሕሩ ዋኝተው የተመለሱት፣ ባልዲውን ያነሡት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ቤሪል ናቸው። ቤሪልም በፋንታቸው የራሳቸውን ጉዞ በራሳቸው ስም ጽፈው በ1961 አሳትመዋል።

ትዳር መልሕቅ ነው ሲባል እሰማለሁ። መልሕቅ በወደብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጀልባ የተሠራችው መልሕቋን ጥላ እንድትኖር አይደለም። እጮኛዬ ወደ አፋር ትወርዳለች። ሥራዬ እኔን ሩቅ ሲወስደኝ እሷ ትጠብቀኝ ዘንድ የምሻ ከሆነ፣ እሷ ስትሄድ ደግሞ ቡናውን አፍልቼ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በመሪው ላይ ተራ እንዳለ ሁሉ በመጠበቅም ተራ አለና።