ያዞራል፣ አይነሳም

ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ቀጥ ሲል እኛ ጎንደሬዎች መጀመሪያ የምንከሰው ቤንዚኑን ነው። እውነትም አለን፤ በሃይላንድ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አንዳንዴ ሻጩም አያውቅ። ቤንዚኑ ነፃ ከወጣ ቀጣዩ ተከሳሽ ሲዲአይ ነው። እሳት የለውም በተባለ ቁጥር ያቺ ጥቁር ሳጥን ትነቀላለች፣ አዲስ ትገዛለች፤ ሞተሩ ግን አሁንም ያዞራል፣ አይነሳም። ዛሬ ለዚህች ሳጥን ጥብቅና ልቆም ነው።

በፑንቲና ዘመን እንዲህ አልነበረም። መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ ፑንቲናው ሲገጥምና ሲለያይ በዓይኑ ያያል። ጠቁሮ ካገኘው በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ያደርገዋል፣ ክፍተቱን ያስተካክላል፣ አለቀ። ሲዲአይ ሲመጣ ብልሽቱ ቀነሰ፤ ነገር ግን ውስጡ በሙጫ የተደፈነ ስለሆነ ከፍቶ ማየት ቀረ። ግምት የገባው ያኔ ነው።

ሥራው እኮ ምስጢር የለውም። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከ200 እስከ 400 ቮልት ድረስ ይሞላል። ማግኔቱ አጠገብ ያለው ፒክአፕ ኮይል ምልክት ሲሰጥ ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቦቢናው ትለቀዋለች፤ ቦቢናው ወደ አሥር ሺዎች ቮልት አሳድጎ ለካንዴላው ይሰጣል። እንግዲህ ከጫፉ፣ ከካንዴላው ተነስቶ ወደ ኋላ መመርመር እያለ መሃል ገብቶ ሳጥን መግዛት ምን የሚሉት ነው?

ካንዴላው በተለይ በእኛ ደጋ ብዙ ጥፋት አለበት። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ታልፋለች። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅም፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካለትን ቤንዚን እዚህም ያንኑ ያህል ይሰጣል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጥላሸት ደግሞ ካረንት ያሳልፋል፤ እሳቱ ክፍተቱን ዘልሎ መብለጭለጭ ሲገባው በጥላሸቱ ላይ ሾልኮ ይቀራል። ዳባትና ደባርቅ የሚመላለስ ሰው ካንዴላውን ቶሎ ቶሎ ፈትቶ ቢያይ ዋጋው የካንዴላ መፍቻ ብቻ ነው።

አሞካከሩም ቀላል ነው። ካንዴላውን ፈትታችሁ መልሳችሁ ካፑ ላይ ሰክታችሁ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁት፣ ከውስጥ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ሊቀጣጠል ይችላል። በእጅ አትያዙት፣ ይነዝራል። በቀትር ፀሐይ ብልጭታው ስለማይታይ ጋቢያችሁን ከላይ ጥላ አድርጉና ሞተሩን አዙሩ። ነጣ ያለ ሰማያዊ ከሆነ ደግ ነው። ቀላ ብሎ የሚልፈሰፈስ ከሆነ ግን «እሳት አለው» ብላችሁ አትለፉት፤ በውጭ አየር ላይ የዘለለ ደካማ ብልጭታ ሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን አየር ሰንጥቆ ለመዝለል አቅም ያጣል። አዲስ ካንዴላ ሰክታችሁም ካልበራ ካፑን ከሽቦው ፈትታችሁ እዩት። በክረምት፣ ወይም ላቫጆ ላይ በግፊት ውሃ ከታጠበ በኋላ፣ የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ግማሽ ሳንቲሜትር ቆርጦ መልሶ ማጥበቅ ነው።

ከዚያ ወደ ማጥፊያው። ባትሪ በማይጠቀም ሲዲአይ ላይ የማጥፊያው ሽቦ ሻንሲ ሲነካ ሞተሩ ይጠፋል፤ ለዚያ ነውና የተሠራው። ስለዚህ ይህን ሽቦ ከሲዲአዩ ነጥላችሁ እሳት ከመጣ ጥፋቱ ከማጥፊያው፣ ከቁልፉ ወይም አንድ ቦታ ከተላጠ ሽቦ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው መሪው አንገት ሥር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረገውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወጣና የሚወርድ ሞተር መሪው ግራ ቀኝ ሲል ይውላል፤ እዚያ የታሰረው የሽቦ ጥቅል ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ይላጣል። በባትሪ የሚሠራ ሲዲአይ ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖው ሲያዞር ቮልቱን ለኩ። የደከመ ባትሪ ለማዞሩ በቅቶ ለእሳቱ ሊያንስ ይችላል።

ሰው የሚያሳብደው ግን ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋው ነው። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣ ሞተር ዳገቱ መሃል ድንገት ዝም ይላል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዞ ገጠር የሚወርድ የጤና ባለሙያ እንዲህ ሲገጥመው አስቡት፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፣ መንገድ ዳር ያለችው እያንዳንዷ ደቂቃ ከበረዶው ላይ ትቀነሳለች። ጋራዥ ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቅዟል። መካኒኩ አንዴ ይረግጠውና «ጋሼ፣ ይኸው ይሠራል እኮ!» ይለዋል። ባለቤቱ የዋሸ ይመስላል። እዚህ ላይ ቅድሚያ መጠርጠር ያለባቸው ቦቢናውና ፒክአፕ ኮይሉ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሞተሩ ትኩስ እያለ፣ በጠፋበት ሰዓት ካልተለካ መልቲሜትሩም «ደህና ነው» ይላል። እርጥብ ጨርቅ ቦቢናው ላይ ብቻ ጣል አድርጋችሁ ወዲያው እሳት ከመጣ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘ ሳጥኗም ትጠርጠር፣ አልቃወምም። ግን የመለዋወጫ ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፏል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈር ውስጥ ተመሳሳይ ሞዴል ሞተር ያለው ሰው ለምናችሁ የእናንተን ሲዲአይ እሱ ላይ ግጠሙት። እዚያ እሳት ከሰጠ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱና ሽቦ መከተል ቀጥሉ።