መኪናው የማን ነው፣ ጎማውስ?

ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ፣ ሰመራን አልፎ የጅቡቲ ድንበር ላይ ካለው ገላፊ ኬላ የደረሰ ከባድ መኪና ሰነዱ ይገለጣል። ጭነቱ ከየት መጣ? የማን ነው? ወዴት ይሄዳል? የመኪናውን ስም ግን እንዲህ የሚያፋጥጠው የለም። ቢያፋጥጡት ጉድ ይወጣ ነበር፤ መኪና የሚለው ቃል ገላፊ ከመድረሱ በፊት ስንቱን ኬላ ያለ ቀረጥ እንዳለፈ መናገር ቢጀምር ሰልፉ ቀኑን ሙሉ ባልተንቀሳቀሰ። እኔ የምሟገተው ይህን ነው፦ ቃል በዘርም ይወርዳል፣ በጎዳናም ይጓዛል። መኪና የመጀመሪያውን ጉዞ በዘር፣ የቀረውን በጎዳና አድርጓል፤ አንዱ የት እንዳበቃና ሌላው የት እንደ ጀመረም ከድምፁ ይታወቃል።

የዘሩን ነገር ለማወቅ ወደ ካልካታ መሄድ ግድ ነው። እዚያ ዳኛ የነበረው ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1786 ባደረገው ንግግር፣ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከመመሳሰላቸው ብዛት የተነሣ ምናልባት ዛሬ ከሌለ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው አለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ያንን የጠፋ ምንጭ ኢንዶ አውሮፓዊ አሉት፤ ቃላቱንም ከልጆቹ አፍ እየለቀሙ መልሰው ገነቡ። ከለቀሟቸው አንዱ «ማግህ» የሚሉት ሥር ነው፤ ፍቺው መቻል። ሩሲያዊው «እችላለሁ» ለማለት «ሞጉ» ብሎ ይጽፋል። ጀርመኑ ኃይልን «ማኽት» ይለዋል። እንግሊዙ «ማይት» ይላል፤ በጽሕፈቱ መሐል የማይነበቡ ሁለት ፊደላት አሉበት፣ ጉሮሮ ውስጥ ይሰማ የነበረው የድሮ ድምፅ ርዝራዥ ናቸው። ግሪኩ ደግሞ ያንኑ ድምፅ «ኽ» አድርጎ መላን «ሜኾስ»፣ በመላ የተሠራውን ዕቃ «ሜኻኔ» አለው። ከተማ ሲከበብ ግንብ የሚደረምሰውም፣ ቲያትር ላይ አምላኩን ከላይ የሚያወርደው ማንሻም ሜኻኔ ነበር። በሥሩ አናባቢ ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ተነባቢዎቹ ግን በየቤቱ የቤቱን ሕግ ተከትለው የተለወጡ ስለሆኑ ዝምድናው በአጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ላቲኑም ከዚሁ ወረሰ» ማለት ይቀላል። አልወረሰም። ላቲን ያንን የጥንት «ግህ» በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲያገኘው ወደ «ህ» ያላላዋል፤ ወርሶት ቢሆን «ማህ» የሚል ነገር በቀረልን ነበር። ያለው ግን «ማኪና» ነው። መሐሉ ያለው ድምፅ ግሪክ ያበጀው ነው። ይባስ ብሎ የአቴናው ሰው «ሜ» የሚለውን ላቲኑ «ማ» አለ፤ «ማ» የሚሉት ደግሞ በሲሲሊና በደቡብ ጣሊያን የሰፈሩት ዶሪያውያን ግሪኮች ናቸው። የአርኪሜዴስ አገር ሰራኩስ የእነሱ ከተማ ነበረች። ሮማ የገዛ ዘመዷን ቃል እንደ ባዕድ ዕቃ ከጎረቤት ተዋሰችው ማለት ነው፤ የዘር ሐረግ ብቻ ይዞ ቃል ፍለጋ የወጣ ሰው እዚህ ላይ መንገድ ይስታል። ደግሞ የሚያስቀው፣ የአቴናው «ሜ» በመካኒክ፣ የዶሪያው «ማ» በመኪና በኩል ሁለቱም አገራችን ገብተዋል። አማርኛ ሁለቱንም «መ» ብሎ አስታረቃቸው።

እኛ ቃሉን የወሰድነው ከጣሊያን ነው። አይደለም የሚል አይጠፋም። «ኪን» ጥበብ ነው፣ «መ» የመሣሪያ መነሻ ነው፣ ስለዚህ መኪና ማለት የጥበብ መሣሪያ ነው፣ ቃሉም የግዕዝ ነው ብሎ የሚያስረዳ ሰው አድማጭ አያጣም። ሲሰሙት ያምራል፤ ቢሳካለት እኔም ደስ ባለኝ። ግን ኪነ ጥበብን ሰምቶ የማያውቀው ቱርክ «ማኪነ»፣ ሶማሌው ደግሞ «መኪነድ» ማለታቸውን በምን ሊያስረዳ ነው? ከዐረብ ነው የሚለው የተሻለ ሙግት አለው፤ ዐረቡም «ማኪና» ይላልና። ይሁን እንጂ ዐረቡ በዚህ ቃል የሚጠራው ማሽንን ነው፤ ጎዳና ላይ የሚሄደውን «ሰያራ» ይለዋል። አስፋልት የሚጠርገውንም፣ የስፌት መኪናንም፣ የጽሕፈት መኪናንም በአንድ ቃል የሚጠራው ጣሊያን ነው፤ ከእሱ የተዋስነው እኛም እንደዚያው። የቀሩት ምስክሮች ከኮፈኑ ሥርና ከመሣሪያ ሳጥኑ ይገኛሉ፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ። ነዳጅ ጭኖ ገላፊን የሚያቋርጠው ቦቴ ሳይቀር በጣሊያንኛ በርሜል ማለት ነው።

አምስት ዓመት ብቻ የቆየ ወራሪ ይህን ሁሉ እንዴት አስተማረ ቢባል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የአፋር ምድር ላይ ነው ያለው። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ሳፔቶ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ አሰብን ከአካባቢው የአፋር ሹማምንት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ከወረራው 66 ዓመት ቀድሞ። ኤርትራም እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረች። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ደግሞ ጋራዥ ይዘው የቀሩ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ፊያትም መምጣቱን አልተወም። ሾፌሮቻችን ኤንትሬ የሚሉት ፊያት በስሙ ጫፍ «ትሬ»ን፣ ሦስትን፣ ተሸክሟል፤ ሩሲያው «ትሪ»፣ ሳንስክሪቱ «ትራያስ» የሚለው ያው የጥንት ቁጥር ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ፈንድቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ መኪናው ከነመዝገበ ቃላቱ በገላፊ በኩል ማለፍ ያዘ። ሶማሌው በበኩሉ ከባድ መኪናን «ባቡር» ይለዋል። ያም መነሻው እንፋሎትና የእንፋሎት መርከብ የሚባልበት የጣሊያኑ «ቫፖሬ» ነው፤ እኛ ሐዲድ ላይ ያስቀረነውን እሱ አስፋልት ላይ አወጣው።

ታዲያ ገላፊ ላይ በዘር የወረደ ቃል የለም ወይ? ሞልቷል። ዘጠኝን አፋሩ «ሰጋላ»፣ ሶማሌው «ሰጋል»፣ ኦሮሞው «ሰገል» ይላሉ። አራትን አፋሩ «ፈረይ»፣ ሶማሌው «አፈር»፣ ኦሮሞው «አፉር»። እነዚህን ማንም አልጫናቸውም፤ መኪና ቀርቶ መንኮራኩር ሳይታይ አብረው የነበሩ የኩሻውያን ውርስ ናቸው። የሶማሌውን አራት ሰምቶ የአፋርን ሕዝብ ስም ከቁጥር ለማውጣት የሚቸኩል ካለ ግን ይታገሥ፤ መምሰል ብቻውን ምስክር ቢሆን መኪናም የግዕዝ በሆነ ነበር።

ደግሞም አውሮፓውያኑ ሰጥተውን ብቻ አልቀሩም፣ ወስደዋልም። የእኛ ጎማ ከጣሊያኑ «ጎማ» ነው፣ ያም ከላቲኑ «ጉሚ»፣ እሱም ከግሪኩ «ኮሚ»። ግሪኩ ግን ከኢንዶ አውሮፓ አባቶቹ አልወረሰውም፤ ከግብፅ ነው የወሰደው። የጥንት ግብፃውያን ሙጫን ቀ፣ መ፣ የ፣ ተ በሚሉ ተነባቢዎች ይጽፉት ነበር፤ የግብፃውያኑ ቋንቋ ደግሞ ከአማርኛም ከአፋርኛም ጋር የአፍሮ እስያ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ገላፊ ላይ የተሰለፈው መኪና ስሙ የባዕድ፣ እግሩ የሩቅ ዘመድ ነው። መኪናን ግዕዝ ለማድረግ የሚደክሙ ሰዎች ጎማው ላይ ቢበረቱ የተሻለ ያዋጣቸዋል።